የአግራፉ ዝገት

ማክሰኞ፣ ኦገስት 11 ቀን 2009፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ጠበቃው ክላይቭ ፔኒኮት የአቶል ዲሪንን ኑዛዜ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩ አውራ ጣታቸው ከወረቀቱ ግራ ጥግ ላይ ቆመ።

«ሮዝሊን፣ እዚህ ላይ ምን ነበር?»

«ምንም» አለች የሟቹ ልጅ ሮዝ። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ክላይቭ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ፊቷ ዘረጉት። ጥጉ ላይ ጥፍር የምታህል፣ የአግራፍ ቅርጽ ያላት ቀይ ዝገት ታትማለች።

«ፍሪዘር ውስጥ ነበር አይደል?»

«አዎ። ከበረደው አተር ሥር፣ በአይስክሬም ዕቃ።»

ክላይቭ አልሳቁም። በትንሿ ከተማቸው በሲግኔትና በዙሪያዋ ወረቀቱን ፍሪዘር ውስጥ የሚያስቀምጥ አቶል ብቻ አልነበረም። አገሩን ባዳረሰው በ1967ቱ የሰደድ እሳት የአቶል አባት ቤት ሲነድ የጋብቻውም የመሬቱም ወረቀት አብሮ ነድዷል። «ከዚያ ሁሉ ዕቃ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ቅቤ ነው፣ ቀልጦም ቢሆን» እያለ አቶል ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ኖሯል። ፍሪዘር ግን እርጥበት አለው፣ ሽቦ ያዝጋል።

«ስሚኝ» አሉ ክላይቭ። «ይሄ ወረቀት ዋናው ከተማ ሆባርት ይሄድና የኑዛዜ መዝገብ ቤት ይገባል። እዚያ ያለችው ሴትዮ መጀመሪያ የምታየው ጽሑፉን አይደለም፣ ጥጉን ነው። አግራፍ ከነበረ ሌላ ወረቀት ነበረ ትላለች። ሌላ ወረቀት ከነበረ ደግሞ ሟቹ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል። ስለዚህ የኑዛዜው አስፈጻሚ አንቺ ነሽና ምን ተያይዞ እንደነበር በመሐላ ትናገሪያለሽ። ሐሙስ ጠዋት ነይ። ካለ ይዘሽው ነይ፤ ከሌለም የለም ብለሽ ትምያለሽ።»

«ምንም አልነበረም አልኩዎት እኮ።»

«ሰማሁ። ሐሙስ ግን ቃልሽ ለኔ አይደለም የሚሆነው።»

ስትወጣ ጸሐፊዋ ቤቭ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። «ሮዝዬ፣ ሻይ ልቅዳልሽ?»

«አይ፣ ልሂድ።»

«ምነው፣ የኛ ቤት ወንበር እሾህ አበቀለ እንዴ?»

ሮዝ ፈገግ ለማለት ሞከረች። እጇ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነበር። እዚያ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት አለች፣ ከነአግራፏ።

ያገኘቻት አባቷ በተቀበረ ማግስት ነው። ኑዛዜውን ስታወጣ ብጣሿ ከላዩ ተያይዛ ነበር፣ በአባቷ እርሳስ ተጽፋ፦ «ቤቱም የፖም ዛፎቹም ለሮዝ ብቻ ይሁኑ። ኬል መንገዱን ረስቶታል። አ. ዲሪን።» ሌላ ምንም የለም፣ ቀንም የላት፣ ምስክርም የላት። ኑዛዜው ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ክላይቭ ቢሮ የተጻፈ ነው፤ ሁሉን ለሁለቱ ልጆች እኩል ያካፍላል።

ኬል ታናሽ ወንድሟ ነው። በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ በምዕራቡ ዳር ማዕድን ይቆፍራል፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጣው ሁለት ጊዜ፣ አንዱም ለዚህ ቀብር። በሬሳ ሣጥኑ ፊት እንዴት እንዳለቀሰ አይታለች። ይህን ዐረፍተ ነገር ያንብብ? ግማሽ ቤት ቢቀርባት ይቅርባት። ምድጃውን ሁለት ጊዜ ከፈተች፣ ሁለት ጊዜ ዘጋች። የአባቷን እጅ ጽሑፍ ለእሳት ልትሰጥ እጇ እምቢ አላት። ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ከዚያ ወዲህ ካፖርቷን አላወለቀችም።

አሁን ደግሞ መሐላ መጣ። ብትምል በሐሰት ትምላለች፤ ባትምል ኬል ያነባታል።

ቤት ስትደርስ ኬል መሰላል ላይ ቆሞ የፖም ዛፍ ይገርዛል። ዓርብ ነው የሚበረው፤ እስከዚያ ሁለቱን ረድፍ እጨርሳለሁ ብሏል። ስለ ዝገቱ ነገረችው። ዞሮ ዞሮ ከክላይቭ መስማቱ አይቀርም።

«አግራፍ?» አለ ከላይ ሆኖ። «አባባ? የተጣመመ ምስማር እያቃና የሚያስቀምጥ ሰው በከንቱ አግራፍ አያባክንም።»

«አሮጌ ነገር ይሆናላ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አንቺ የማታውቂው የዚህ ቤት ነገር አለ? ስንት ካልሲ እንዳለው ሳይቀር ቆጥረሻል።»

«ይልቅ እጅህን ተመልከት፤ የሚያፈራውን እየቆረጥክ ነው።»

ኬል መግረዣውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ወረደ። ሲወርድ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ሮዚ፣ ለኔ የጻፈው ነገር ነበር እንዴ?»

«ምን ይጽፍልሃል?»

«እንጃ። ስደውል እኮ ‹እህትህን ላቅርብልህ› ብሎ ስልኩን ላንቺ ነው የሚሰጠው። ምናልባት በወረቀት... አንድ ቃል። ስድብም ቢሆን።»

«ምንም አልነበረም» አለች ሮዝ፣ ዓይኑን እያየች። ከዚያ ምድጃ ላይ ነገር ጥጄ ነበር ብላ ገባች። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም።

ረቡዕን ሙሉ እግሯ አላርፍ አለ። ቁም ሣጥኖቹን ባዶ አድርጋ አጠበች፣ ያልቆሸሹትንም። የአባቷን ቦት ጫማ ከደጃፉ አንስታ መጋዘን ወሰደች፣ ተመልሳ አምጥታ ቦታው አስቀመጠች። ጎረቤቶች ያመጡትን ምግብ አሙቃ ለኬል አቀረበችለትና እሷ ቆማ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ተወችው። ወደ ወደቡ ወረደች፣ ጀልባዎቹ ጋ ሳትደርስ ተመለሰች። ኬልም ከዛፍ ዛፍ ሲሄድ ወደ ቤቱ እያየ ነበር። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን አንኳኳ።

«የተጻፈው እርግማን ነው?»

«ኬል፣ በናትህ ተወኝ።»

«እሺ፣ ተውኩሽ» አለ። ወደ መሰላሉም ተመለሰ።

ሐሙስ በመኪናው አደረሳት። «እዚህ ዳቦ ቤቱ ጋ እጠብቅሻለሁ» አላት።

ክላይቭ የተየቡትን አነበቡላት። «‹ከኑዛዜው ጋር የተያያዘ ሌላ ወረቀት አላየሁም።› የነገርሽኝ ይሄንን ነው። እውነት ነው?» መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

ሮዝ እጇን አስቀመጠች። አነሳችው፣ አንገቷን አከከች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ማዶ ኬል መኪናው ውስጥ ስካሎፕ በሚባል የባሕር ዛጎል ሥጋ የተሞላ ትኩስ ፓይ እያራገበ ይበላል፤ ልክ በአሥር ዓመቱ ያደርግ እንደነበረው።

«ክላይቭ፣ እሱ ሳያነበው ነገሩ ማለቅ አይችልም?»

«ምኑን?»

ብጣሿን አውጥታ ሰጠቻቸው። አግራፉ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ አቃጨለ። ክላይቭ ለሁለት መስመር ጽሑፍ ብዙ ቆዩ።

«አይችልም» አሉ በመጨረሻ። «ድርሻው የሚነካበት ሰው ነው፤ ከኛ ባይሰማ ከፍርድ ቤት ይሰማል። ከደብዳቤ ካንቺ አፍ ይሻለዋል፣ ልጄ።»

ቤቭ በር ላይ ወጥታ ተጣራች። «ኬል ዲሪን! ፓይህን ይዘህም ቢሆን ና!»

ኬል ገባ። ወረቀቷን ሲያያት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ከዚያ ተቀበላት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው ያነበበው።

«መንገዱን ረስቶታል» አለ። አጭር ሳቅ ሳቀ። «ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ እኮ።»

ወረቀቷን ገልብጦ ጀርባዋን አየ።

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

«በቀብሩ ማግስት።»

«ማክሰኞ ስጠይቅሽ ኪስሽ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ደግ ነገር ጽፎልኝ ይሆናል እያልኩ ዛፍ ስቆርጥ እያየሽኝ ነበር፣ ሮዚ።»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«ተከፋሁ» አለ ኬል።

ክላይቭ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወረቀቷ ምስክር እንደሌላት፣ ያም ሆኖ ዳኛው እንደ ሟች ቃል ሊቀበሏት እንደሚችሉ፣ ሁለቱ ከተስማሙ ግን እኩል መካፈልም እንደማይከለከሉ አስረዱ።

«እኩል ይሁን» አለች ሮዝ ወዲያው።

«አይሆንም። ሽማግሌው ካለ አለ። አራት ዓመት ሙሉ አስታምመሽ ያጠብሽው አንቺ ነሽ።»

«ብቻዬን አልፈልገውም አልኩህ!»

«እኔም ምጽዋት አልፈልግም!»

«አቶል ቢሰማችሁ ሁለታችሁንም አተሩ ሥር ይከታችሁ ነበር» አለች ቤቭ ከበሩ። ኬል ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም።

ክላይቭ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደው ሌላ ጻፉ፦ ብጣሿን መቼ እንዳገኘች፣ አግራፉን ማን እንዳላቀቀ፣ ለምን እንደደበቀችው። ሮዝ በዚያ ማለች። እስክሪብቶውንም ተቀብላ ፈረመች።

«ይቺን ልውሰዳት?» አለ ኬል ብጣሿን እንደያዘ።

«ዋናው ለፍርድ ቤት ነው። ቤቭ ግልባጭ ታነሣልሃለች።»

ግልባጩን አራት ቦታ አጠፈና ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ዓርብ ጠዋት በረረ። ሁለተኛው ረድፍ እንዳልተገረዘ ቀረ። ዳኛው ብጣሿን በኖቬምበር ተቀበሉ፤ ቤቱም ዛፎቹም ወደ ሮዝ ስም ዞሩ። ኬል በየዓመቱ ገና ላይ ይደውላል። ወደ ሲግኔት ግን አልተመለሰም።