አለሁ ያላለው እንግዳ

መተግበሪያው «አልተፈቀደም» ተብሎ የተመለሰ ዕለት ሚጢጢ ኮምፒውተሯን በመስኮት አውጥታ ልትወረውረው ትንሽ ነበር የቀራት። ሚጢጢ የቤት ስሟ ነው። ሠላሳዎቹን ከተሻገረች ቆይታለች፣ ቁመቷም የበሩን ጉበን ሊነካ ደርሷል፤ አባቷ ግን አንዴ ያወጣውን ስም የሚመልስ ሰው አይደለም። የዘወትር ሥራዋ ለአንድ የመድን ድርጅት ፕሮግራም መጻፍ ነው። ይህኛውን ግን በእረፍት ቀኖቿ፣ ሳሎን ካለው የምግብ ጠረጴዛ አንዱን ጥግ ይዛ፣ ለአባቷና ለጓደኞቹ ስትል ነው የሠራችው።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ድምፁ ፌርማታው ላይ ይደርሳል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ከዚያ ጉሮሮው ታመመ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉለት፣ ድምፁን ግን ከበሽታው ጋር አብረው ቆርጠው አወጡት፤ አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በቀረችው ትንሽ ቀዳዳ ነው። ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ነበር። ሲያናግሩት ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታል፤ አንዴ ከመታ «ይቅርብኝ»፣ ሁለቴ ከመታ «እሺ» ማለት ነው። የአውቶቡሱን ጎን እየመታ ሹፌሩን «ቁም» እና «ሂድ» የሚልበት የድሮ ልማዱ ነበር። ያን ሰሞን ሁለቴ የመታበት ቀን ትዝ አይላትም።

ከግድግዳው ያላቀቀው የውይይት መድረኩ ነው። የሆስፒታሉ ነርስ፣ እሱን መሰል ድምፃቸውን ያጡ ሰዎች እየጻፉ እንዲያወሩበት ኢንተርኔት ላይ የከፈተችው ድረ ገጽ ነበር። እዚያ ያወጋሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሲያምራቸውም ይሰዳደባሉ። አንድ ቀን ሚጢጢ ከሥራ ስትገባ አባቷ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መሰላት። ጠጋ ብላ ብታይ ለካ እየሳቀ ነው። በመድረኩ ላይ ስሙን «ወራጅ አለ» ብሎ አስመዝግቦ ኖሮ፣ ቾክ የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ «አንተ ሰውዬ፣ ሳትሳፈር ነው እንዴ የምትወርደው?» ብሎ ጽፎለታል። ሚጢጢ መልኩን እንኳ የማታውቀውን ያን አስተማሪ «ዕድሜ ይስጥህ» አለችው፣ ጮክ ብላ፣ ወጥ ቤት ቆማ።

መድረኩ አንድ የማይጣስ ልማድ አለው። አባል የሆነ ሁሉ ጠዋት ሲነሳ «አለሁ» ብሎ ይጽፋል። ረፋዱ ላይ አለሁ ያላለ ካለ ሌሎቹ ተጯጩኸው ይፈልጉታል፣ ነርሷም ቤተሰቡ ጋ ትደውላለች። «ድረሱልኝ» ብሎ መጮህ ለማይችል ሰው ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። አባቷ አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጥሮት መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ሲወድቅ ሚጢጢ ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበረች። «ወራጅ አለ የት አለ?» ብሎ መድረኩን ያተራመሰው ቾክ ነው። ነርሷ ደወለች፣ ጎረቤት በሩን ገንጥሎ ገባ፣ አባቷ ተረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚጢጢ ውለታቸውን በምን እንደምትመልስ ስታስብ ኖራለች።

ዕድሉ የመጣው በመጥፎ ወሬ ነው። ድረ ገጹ ስላረጀ፣ በኮምፒውተሮቹ ላይ ያስቀመጠው ድርጅት በወሩ መጨረሻ እዘጋዋለሁ አለ። እነዚህ ሰዎች የሚተዋወቁት በቅጽል ስም ብቻ ነው፤ ደውለው እንዳይጠያየቁ ድምፅ የላቸውም። ድረ ገጹ ሲዘጋ ይበተናሉ፣ አባቷም ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ሚጢጢ «እኔ አፕ እሠራላችኋለሁ» ስትል ሥራው እንዲህ ጣጣ እንዳለው አላወቀችም ነበር።

የመተግበሪያ መደብሩ ማንኛውንም አፕ ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት በራሱ ሰው ያስመረምራል። መርማሪው የሚገባበት የሙከራ ስም ያስፈልግ ስለነበር ሚጢጢ «እንግዳ» የሚል ከፈተችና ላከች፤ አፑን ለጊዜው ከአሮጌው መድረክ ጋር አያይዛው ስለነበር ስሙ ለአባላቱም ታየ። መርማሪው ገባ፣ አየት አየት አደረገ፣ ምንም ሳይጽፍ ወጣ። ምን ብሎ ይጽፋል? ጥፋቱ የሚጢጢ ነው፤ እንግዳ የተባለው ሰው በሽተኛ እንዳልሆነ ለአባላቱ መንገሩ ጨርሶ ትዝ አላላትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መድረኩ ተናወጠ።

«እንግዳ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ግን ዛሬ አለሁ አላልክም» አለ ቾክ።

«የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም እንዲህ ሆነናል። አይዞህ፣ አንዲት ቃል ብቻ ጻፍልን» አለች ከአባላቱ አንዷ የሆነች ልብስ ሰፊ።

«ወንድሜ፣ ወድቀህ ከሆነ ወደ በሩ ተንፏቀቅ። ሰው እየፈለግንልህ ነው» አለ የሚጢጢ አባት።

መርማሪው ሥራውን ሊጨርስ ተመልሶ ሲገባ የመልእክት መዓት ጠበቀው። መልሱም አጭር ነበር፦ «ተጠቃሚውን የማያውቃቸው ሰዎች በመልእክት ያስጨንቁታል። የማይፈልገውን ሰው የሚያግድበት ቁልፍ የለም። አልተፈቀደም።»

ሚጢጢ ይህንን ለአባቷ አነበበችለት። አባቷ በጥሞና ሰምቶ ስልኩ ላይ ጻፈ፦ «ታዲያ አለ ወይስ ሞቷል?»

«ማን?»

«እንግዳው ነዋ!»

«አባዬ፣ ቢሮው ቁጭ ብሎ እኔን እየጣለኝ ነው!» አለች ሚጢጢ።

አባቷ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በከንፈሩ ብቻ ተመስገን አለ። ሚጢጢ ልትቆጣ አስባ ሳቋ አመለጣት።

የማገጃውን ቁልፍ ሠርታ ስልኩ ላይ ስትጭንለት አባቷ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። «ማን ማንን ሊያግድ ነው?» ብሎ ጻፈ። ኋላ ግን ነገሩ ጣመው። ቾክ ትናንት በእግር ኳስ ክርክር አሸንፎት ስለነበር ቂሙን ሊወጣ አገደው፣ በትከሻው ሳቀ፣ ምሳውን በላ፣ ረሳው።

በነጋታው ጠዋት የሚጢጢ በር በጡጫ ተደበደበ። አባቷ አንድ እግሩን ጫማ አጥልቆ፣ ሌላውን በካልሲ፣ ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነው። «ቾክ አለሁ አላለም» ይላል ጽሑፉ።

ሚጢጢ በራሷ ስልክ ከፈተች። ቾክ ገና ሲነጋ አለሁ ብሏል፤ ከሥሩም ለወራጅ አለ አንድ ያማረ ስድብ አስቀምጧል። የአባቷ ስልክ ላይ ግን የቾክ ዱካ የለም። ሁለቱንም ስልኮች ጎን ለጎን ይዛ አሳየችው።

«ትናንት አግደኸው ነው፣ አባዬ። ደህና ነው።»

አባቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ዘጭ አለ። እዚያው ሆኖ ጻፈ፦ «ስድቡን አግጂልኝ። አለሁን ግን አትንኪብኝ።»

ሚጢጢ ያን ቀን ከሥራ ቀርታ አስተካከለችው። አንድ ሰው ሌላውን ሲያግድ ነገሩ ሁሉ ይጠፋል፣ የጠዋቷ አለሁ ብቻ ትቀራለች። ነርሷ ስትሰማ ሐሳብ ገባት። «የኔ እመቤት፣ የመደብሩ ሕግ እኮ የታገደ ሰው ፈጽሞ አይታይ ነው የሚለው» አለቻት በስልክ። «እንደገና ቢጥሉሽ ለሌላ ምርመራ ቀን የለንም። አሁን እንደ ሕጉ አድርጊና እንለፍ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

ነርሷ እውነቷን ነው። ሚጢጢ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣ ሁለቱን መንገድ አመዛዘነች። እንደ ሕጉ ካደረገች አፑ ያልፋል፤ ግን ተኳርፈው የተጋገዱ ቀን ቾክ ቢወድቅ አባቷ አያውቅም፣ አባቷም ቢወድቅ ቾክ አያውቅም። ያ በር የተገነጠለበት ጠዋት መጣባት። ለመርማሪው ጻፈች፦ «ጌታዬ፣ ያጨናነቁዎት ሰዎች ድምፅ የሌላቸው ናቸው። ጠዋት አለሁ ያላለ ሰው ወድቆ ይሆናል ብለው ይደነግጣሉ፤ ለእርስዎም የደነገጡት ከልባቸው ነው። አባቴ ዛሬ በሕይወት ያለው በዚሁ ድንጋጤ ምክንያት ነው። የማገጃውን ቁልፍ ሠርቻለሁ። አለሁ የምትለዋን ቃል ግን እንድትታገድ አላደረግኩም፣ አላደርግምም። ስላስቸገርንዎት ይቅርታ።»

መላኪያውን ከመንካቷ በፊት ግን ጽሑፉን እንደገና አነበበችው። አባቷ ከጀርባዋ ቆሞ ሁሉንም አንብቦ ኖሯል። ጠረጴዛውን በመዳፉ ሁለቴ መታው። ላከችው።

መልሱ እስኪመጣ ቤቱ ውስጥ ሰው የታመመ ይመስል ነበር። አባቷ በየደቂቃው ስልኩን ይከፍታል፣ እሷም ቢሮ ሆና የምትጽፈው ፕሮግራም ሁሉ ይሳሳትባታል። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መጣ። «ተፈቅዷል» ይላል፣ ሌላ አንድም ቃል የለውም። ሚጢጢ ኮሪደር ወጥታ እንባዋን ጠረገች፤ ማንን እንደምታመሰግን ግራ ገብቷት ያገኘችውን የጽዳት ሠራተኛ አቀፈች። ሴትየዋም ምክንያቱን ሳትጠይቅ መልሳ አቀፈቻት።

አሮጌው ድረ ገጽ በተዘጋ ማግስት ጠዋት አባትና ልጅ አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ተቀመጡ። ነርሷ ሁሉም እንዴት እንደሚገቡ ቀድማ አስጠንታቸዋለች። ልብስ ሰፊዋ «አለሁ» አለች። ቾክ «አለሁ፤ ወራጅ አለ ግን ባይኖር ይሻል ነበር» አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ፣ አንዳንዶቹ ፊደል እየገደፉ፣ ሁሉም ገቡ። የጎደለ አልነበረም። ሚጢጢ ተነስታ ልትሄድ ስትል አባቷ ክንዷን ያዛት።

ከሁሉም ሥር አንድ ስም ብቅ ብሏል፦ እንግዳ።

«አለሁ» ይላል።

የዚያን ስም መክፈቻ የሚያውቁት እሷና መርማሪው ብቻ ናቸው፤ እሷ ደግሞ አልነካችውም። አፏን ይዛ ቆመች። አባቷ ግን አልተደነቀም፤ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ሰው ሲያሳፍር የኖረ ነው። ጣቶቹን አፍታታና ከሁሉም ቀድሞ ጻፈ፦

«እሰይ! ግባ፣ ግባ፣ ቦታ አለ።»