ገጽ ያልተጻፈለት ስህተት

ቱይሬ ሁለት ገጿን አንብባ የንባቡን ወንበር ለሄልካ ስትለቅ የአዳራሹ በር ተከፈተና ልጅቷ ገባች። ማንም አልጠራትም። ኮቷን ሰቀለች፣ እንደ ሁሉም ሰው ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፣ ከወፍራሙ ሶል ስትወርድም ሌላ አራት ጣት አጠረች። ሠላሳ ሰው ዞሮ አያት። ሄልካ ብቻ ማንበቧን ቀጠለች፤ በዚህ ማኅበር ንባብ አንዴ ከተጀመረ ከምሳ በስተቀር ጣራው ቢደረመስ እንኳ አይቋረጥም።

«የድምፆች ጀልባ» የተባለው ልቦለድ ወዳጆች በየዓመቱ በኅዳር ወር በአንዱ ቅዳሜ በፊንላንዷ ታምፔሬ ከተማ፣ በድሮው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዳራሽ ተሰብስበው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብለው ያነባሉ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ በሱፍ ካልሲ ተቀምጠው፣ በየተራ ሁለት ሁለት ገጽ። የሰባ ስምንት ዓመቱ አርቮ ከአንባቢው ጎን ሆነው መስመሩን በጣታቸው ይከተላሉ፤ አንባቢው አንዲት ቃል ከሳተ እጃቸውን ያነሳሉ፣ መስመሩም እንደገና ይነበባል። ላላወቀው ሰው እብደት ነው። እኔም መጀመሪያ ስሄድ እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ለዚያ ቀን ብቻ የማወጣው ካልሲ አለኝ።

ልጅቷ ሳይሚ ትባላለች። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት፣ አጠር ደንደን ያለች። መጽሐፉ ፊልም ሲሆን ኢልቬን ሆና የምትጫወተው እሷ ናት። ኢልቬ ማለት የሰመጡ ሰዎችን ድምፅ በጀልባ እየጫነች ወደየቤታቸው የምትመልስ ቀዛፊ ናት፤ በኛ ዘንድ ከእህት በላይ የምትወደድ። የፊልሙ ማስታወቂያ እንደተለቀቀ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቱይሬ አሥራ አራት ስህተት የዘረዘረ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች፤ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ፈረመበት። አንደኛው ስህተት ሳይሚ ራሷ ነበረች፦ «ኢልቬ ረጅምና ቀጭን ናት፤ መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል።» ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ላይ ያልተባለችው የለም። አንዱ «ይህቺ ከተሳፈረችማ ጀልባዋም ትሰምጣለች» ብሎ ጻፈ። ቱይሬ ከት ብላ ስቃ የልብ ምልክት ሰጠችው። በዚያ ቅዳሜ ደግሞ ንባቡ ሲያልቅ ማኅበሩ «ፊልሙን ማንም እንዳያይ» የሚል ጥሪ ለማውጣት ድምፅ ሊሰጥ ነበር፤ ሐሳቡን የምታቀርበውም እሷው ነበረች።

ለምሳ ሲነሱ ሳይሚ የሳልሞን ሾርባዋን ይዛ በቀጥታ ወደ ቱይሬ መጣች።

«እርስዎ ነዎት አይደል? ፎቶዎን አይቻለሁ።»

«ነኝ» አለች ቱይሬ። ስድብ ጠብቃ ነበር። ለስድብ መልስ አላት።

«ልጣላ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው።» ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ደብዳቤው ነው፣ በእርሳስ ተሰምሮበታል። «አሥራ ሦስቱ ስህተቶች ገጽ ቁጥር አላቸው። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ እውነትዎን ነው። መቅዘፊያውን እንኳ የያዝኩት በተሳሳተው እጄ ነው። አንደኛው ግን ገጽ የለውም። አራት ጊዜ አንብቤ አጣሁት። እኔ ያላየሁት እትም አለ እንዴ?»

ቱይሬ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ሁለተኛው ክፍል በመጋቢት ይቀረጻላ። እሷን መሆን ካለብኝ እንዴት ተደርጋ እንደተጻፈች ልወቅ ብዬ ነው። ሰባት ኪሎ ቀንሻለሁ። ቁመቱን ግን ከማን ልዋስ?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «እናቴ የሚጽፉትን አታንብቢ ትለኛለች። እኔ ደግሞ አንዱም አያመልጠኝ።»

እዚህ ላይ «የለም» ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ሾርባው ላይ ያልቅ ነበር። እንደሌለ ቱይሬ ታውቃለች። ደብዳቤው የወጣ ዕለት የገጹን ቁጥር ልትጨምርበት መጽሐፉን ብታገላብጥ ብታገላብጥ አጥታዋለች። ደራሲዋ ስለ ኢልቬ እጆችና ስለ ድምፅዋ እንጂ ስለ ቁመቷ አንዲት ቃል አልጻፈችም። ረጅሟን ኢልቬ የሳለቻት ቱይሬ ራሷ ናት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ሥዕሉ የማኅበሩ ዓርማ ሆነ፤ ባንዲራውም ስኒውም ላይ አለ። ሰዉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያየው ኖሮ ከመጽሐፉ ያነበበው መሰለው። ትምህርት ቤት «የስልክ እንጨት» እየተባለች ያደገችው ቱይሬ የራሷን አንገትና የራሷን ክንድ ለምትወዳት ቀዛፊ ሰጥታ ነበር። እንግዲህ ይህ በሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜ ለማን ይወራል? ሆድ ይፍጀው ብላ ኖራለች።

«ስምንተኛው ወይ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ይመስለኛል» አለች። «ገጹን አሁን አላስታውሰውም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሳይሚ። «እንግዲያው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

ቁጭ ብላም ሰማች። ከፊት ወንበር፣ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሷን ይዛ። አቤት የዚያ ከሰዓት መርዘም! ስምንተኛው ምዕራፍ ሲነበብ «ኢልቬ ክንዷን ዘረጋች» ተባለ፤ እርሳሷ ብድግ አለና ተመለሰ። «ኢልቬ ወደ በሩ ተጠጋች» ተባለ፤ እርሳሷ እንደገና ብድግ አለ። ቱይሬ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። አርቮ የአንባቢ መለዋወጫዋን አፍታ ተጠቅመው ሄል የገባበት ዳቦ ለልጅቷ ሲያቀብሉ ትሰማለች።

«ብዪ እንጂ ልጄ፣ ጠዋት የተጋገረ ነው።»

«ይቅርብኝ አባባ።»

«ለፊልሙ ብለሽ ነው?»

«ለደብዳቤው ብዬ ነው» አለች ሳይሚ፣ ያለ ምንም ቁጣ።

ስምንተኛው አለፈ። የዘጠነኛው ማለቂያ ላይ ተራው ዞሮ ቱይሬ ጋ ደረሰ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ልጅቷ ከሁለት ክንድ ርቀት ቀና ብላ ታያታለች፣ አስተማሪዋን እንደምታይ ተማሪ። መጽሐፉ «ኢልቬ ተነሳች» ይላል፤ በቃ። ቱይሬ ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ እንዲህ ብላ አነበበች፦ «ኢልቬ ተነሳች፤ ረጅምና ቀጭን፣ እንደ በርች ዛፍ ቀጥ ብላ።»

የአርቮ ጣት መስመሩ ላይ ቆመች። ጣታቸው ትንሽ አመነታች። ከዚያ ቀጠለች፤ እጃቸውን አላነሱም። ሰዉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሄልካማ ወደ ሳይሚ ዘንበል ብላ «ሰማሽው አይደል?» አለቻት። ሳይሚ መጽሐፏን አየች። ቱይሬን አየች። እንደገና መጽሐፏን አየች። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ ከደነችውና ተነስታ ወደ በሩ ሄደች።

የቀረውን ገጽ ቱይሬ ምን ብላ እንዳነበበችው አታውቅም። ተራዋ እንዳለቀ ተከትላ ስትወጣ ሳይሚ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስር ነበር።

«ሳይሚ።»

«እኔኮ ደደብ ነኝ ብዬ ነበር» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል። «ሁለት ወር ሙሉ። ሁሉም ሰው ያየውን የኔ ዓይን እንዴት ሳተው እያልኩ።»

«የለም። መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሥዕሉ የኔ ነው። የሳልኩትም ራሴን ነው።»

«መቼ አወቁ?»

«ደብዳቤው የወጣ ዕለት።»

ሳይሚ ሁለተኛውን ጫማ ማሰር ጀመረች። ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ተፈታባት።

«አፈርኩ» አለች ቱይሬ። «መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኛል።»

«አትውጥዎትም። እኔም ለምኛት ነበር።»

ቀጥሎ ከቱይሬ አፍ የወጣው ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነበር፤ ስትናገረውም ታውቋታል። «ለጋዜጣ ትነግሪያለሽ?»

ሳይሚ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «አልናገርም» አለች። «ባቡሬ ሊሄድ ነው።» ኮቷን ለበሰችና ወጣች። በሩ ተዘጋ።

ቱይሬ ኮቶቹ መካከል ቆማ ቀረች። ከውስጥ የአሥረኛው ምዕራፍ ንባብ ይሰማል። አርቮ አልፈውታል፣ ልጅቷ አልናገርም ብላለች፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። ፊልሙ እንዳይታይ ያለችውንም ሐሳብ በዘዴ መተው ትችላለች። «እስቲ ፊልሙን እንየውና እንፍረድ» ብትል ሰዉ ምን ያህል ልበ ሰፊ ሴት ናት ይላታል። ያጨበጭብላታል። ጭብጨባውን ገና ሳትሰማው ጠላችው።

ወደ ውስጥ ገባች። በወንበሮቹ መሐል አልፋ ሄደችና ሄልካ የምታነበው ገጽ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ንባቡ ከተጀመረ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው የለም።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሄልካ። «አመመሽ እንዴ?»

«አርቮ፣ እባክዎ የዘጠነኛውን መጨረሻ ይግለጡልኝ። ኢልቬ የምትነሳበትን። ጮክ ብለው ያንብቡት።»

አርቮ መነጽራቸውን አስተካክለው ገለጡ። «ኢልቬ ተነሳች» ብለው አነበቡና ቆሙ። ጣታቸው ወደ ታች ሄደች፣ ወደ ላይ ተመለሰች፣ እንደገና ወረደች።

«ያለ መስሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«አልነበረም» አለች ቱይሬ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ደብዳቤው ላይም እንደዚሁ። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ያስፈረምኩት በራሴ ቁመት ነው።»