የሻጋታው ውርርድ

በስፔኗ ከተማ ሌዮን ውስጥ ሻጋታ ማሳደግ ነውር አይደለም፤ አጎቱ ወይ አክስቱ አንቲባዮቲክ ፋብሪካ ውስጥ ያልሠሩ ሰው ጥቂት ነው። ነውሩ መሽተቱ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ካሚኖ ደግሞ ትሸት ነበር። ሻጋታዋን የምትቀልበው ሜቲዮኒን የሚባል፣ ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ስለሆነ አውቶቡስ ስትሳፈር የተቀቀለ ጎመን የያዘች ትመስላለች።

"ዛሬም ጎመን ነው?" ይላታል ሂላሪዮ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከሁለታችን ጋር የሚሠራው።

"ላንተ ብዬ ነው፤ ከስተሃል።"

ሻጋታው ሜቲዮኒኑን ወደ ሌላ አሚኖ አሲድ ይለውጥና ከዚያ መድኃኒት ይሠራል። የሚለውጥለት አንድ ኢንዛይም ነው። ካሚኖ ሻጋታው ያለሱ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የዚያን ኢንዛይም ጂን ልትሰብር ተነሣች።

"ከሰበርሽው መድኃኒት ጠብ አይልም" አላት ሂላሪዮ።

"ሌላ መንገድ አያጣም። ሻጋታ እንዳንተ ግትር አይደለም።"

"እንወራረዳ።"

"እሺ። የተሸነፈ በሳን ፍሮይላን በዓል የመንደራችንን ባንዲራ ይሸከማል።"

በዚያ የቅዱስ በዓል ከየመንደሩ ባንዲራ ተይዞ በሰልፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል፤ የካሚኖ መንደር ባንዲራ እንጨት ደግሞ ከሁለት ፎቅ ይረዝማል። ሂላሪዮ አጭር ነው፣ ወገቡንም ያመዋል። ቢሆንም እጁን ዘረጋ።

ጂኑን መስበር ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የአዲሱን ሻጋታ ጭማቂ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ጠብ አድርገን አሳደርነው። መድኃኒት ካለ ባክቴሪያው ይሞትና ዙሪያው ይጠራል። ጠዋት ሦስታችንም ሳህኑ ላይ አቀረቀርን። ጠርቷል፤ ግን የጠራው የድሮውን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

"ሠርቷል። አሸነፍኩ" አለች ካሚኖ።

"ግማሹ የት ገባ? ያሸነፍኩስ እኔ ነኝ።"

ሲጨቃጨቁ ውለው እኔን ዳኛ አደረጉኝ።

"ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ተሸንፋችኋል፤ አብራችሁ ተሸከሙ" ብዬ ፈረድኩ።

የበዓሉ ዕለት ነፋስ ነበር። እንጨቱ ለሂላሪዮ፣ ማረጋጊያው ገመድ ለካሚኖ ደረሰ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ነፋሱ ጨርቁን ነፋውና ሂላሪዮን እየጎተተ ወደ አንድ ካፌ ጠረጴዛዎች ወሰደው። ተመጋቢዎች ሳህናቸውን አንሥተው ሸሹ። ካሚኖ ገመዱን ጥላ የሂላሪዮን ቀበቶ ጨምድዳ ያዘች። አባቷ ዶን አርጊሚሮ ሮጠው እንጨቱን ተቀበሉት።

"ይህን ሰውዬ ከየት አመጣሽው?"

"ከሥራ ቦታ ነው፣ አባባ።"

ትንሽ ሄድን። ዶን አርጊሚሮ ዞር ብለው አዩዋት።

"ልጄ፣ እንጨቱ እኮ እኔ ጋ ነው። አሁን ቀበቶውን ልትለቂው ትችያለሽ።"

"ግድ የለም" አለች ካሚኖ።

ሂላሪዮ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን ልቀቂኝ አላለም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እንዲሁ ሄዱ።