ዘንግ ያዥ

እኔ ሰው ሥራ ሲያበላሽ ቆሜ ማየት አልችልም፤ ቆሽቴ ያርራል። ስለዚህ መምህራችን የቅየሳ ቡድናችንን እንድመራ ሲሾመኝ በመነጽሩ ዘንጉ የሚነበብበትን መሣሪያ ለማንም አላስነካሁም። ተካዩ እኔ፣ አንባቢው እኔ፣ መዝጋቢው እኔ። ከቀሩት ሦስቱ፣ ድቡልቡሉ ልጅ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ይሸከማል፤ ቀልደኛው መሣሪያው ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ይይዛል፤ ልጅቷ ደግሞ ወዲያ ማዶ፣ ችካል ላይ፣ የመለኪያውን ዘንግ ቀጥ አድርጋ ትቆማለች። ከኋላዬ "ማዘዣ ጣቢያ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ! ሥራው ይሠራ እንጂ።

እናቴ በስልክ "ልጄ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው" ስትለኝ፣ "እማዬ፣ እነዚህ እኮ ሎሚውን ይጥሉታል" አልኳት። ሳቀች። ቀጥላ ግን "ለመሆኑ ምሳህን ከማን ጋር ነው የምትበላው?" አለችኝ። ወሬ ቀየርኩ።

የማለፊያ ፈተናችን ሲነገር ቀላል ነው። ከአንድ ችካል ተነስተን፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ እየለካን፣ ሰፈሩን ዞረን እዚያው ችካል ላይ እንመለሳለን። የተመለስንበት ቁጥር ከተነሳንበት ካልገጠመ አራታችንም ዓመቱን እንደግማለን።

አልገጠመም። አራት ጣት ያህል ልዩነት! ደግሜ ደመርኩ፤ ያው ነው።

"ማነው ዘንጉን ያጋደለው?" ብዬ ልጅቷ ላይ አፈጠጥኩ።

"እኔ አላጋደልኩም" አለች። "ዳገቱ ጋ አንዴ አንብበህ መሣሪያውን ወደፊት ስታሻግሩ፣ የጋሪ ጎማ ችካሉ ላይ ወጣበት። ሰመጠ። አንተ ደግሞ እዚያው ላይ እንደገና አነበብክ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እኮ! ሁለት እጄን እያወናጨፍኩ! አንተ በእጅህ 'ቀጥ አድርገሽ ያዢ' አልከኝ። ቀጥ አድርጌ ያዝኩ።"

"እኔም አይቻታለሁ" አለ ቀልደኛው።

"አይተህ ዝም አልክ?"

"ባለፈው ስናገር 'አንተ ጥላህን ያዝ' ብለኸኝ የለ? ያዝኩ።" ያን ቀን አልቀለደም።

ክፋት ቢኖርባቸው ኖሮ እጮህባቸው ነበር፤ ግን ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት። ማዘዝና መምራት እስከዚያ ቀን ድረስ ለኔ አንድ ነበሩ። ብቻዬን መምህራችን ቢሮ ገብቼ "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። "ነገ ድገሙት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሰበብ አልሰማም" አለኝ።

በነጋታው መሣሪያውን ለልጅቷ፣ መዝገቡን ለድቡልቡሉ ሰጥቼ ዘንጉን አነሳሁ።

"የምርህን ነው?" አለች።

"የምሬን ነው" አልኩ። ውስጤ ግን እርር ድብን ይላል፤ እነዚህ ልጆች ዛሬ ጉድ ያደርጉኛል እያልኩ ነው።

ዘንግ ይዞ መቆም ምን እንደሆነ ለካ አላውቅም ነበር። ከዚያ ርቀት ድምፅ የሚባል ነገር አይደርስም። የሚታየው እጅ ብቻ ነው፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀጥ። ሦስቱ ተጠጋግተው ያወራሉ። ድቡልቡሉ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል፣ ቀልደኛው አንድ ነገር ይላል፣ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ከኔ ጋር ስትሠራ ጥርሷን አይቼው አላውቅም። ምን ብሏት ይሆን? ሄጄ ብጠይቅ ደስ ባለኝ፤ ግን ዘንጉን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?

ሰፈሩን ዞረን የመጀመሪያው ችካል ላይ ደረስን። ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ ትንፋሼን ሳይቀር ያዝኩ። አነበበች። ድቡልቡሉ ደመረ። ሁለቱ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ ዘለሉ! ተቃቀፉ! ገጥሟል ማለት ነው። እኔም ወዲያ ማዶ ሆኜ "እሰይ! እሰይ!" አልኩ።

ዘንጉን አላወረድኩም፤ 'በቃ' የሚለውን ምልክት እየጠበቅሁ ነበር። መሣሪያውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። ድቡልቡሉ ባለሦስት እግሩን አጥፎ ትከሻው ላይ ጣለው። እየተጎሻሸሙ፣ እየተሳሳቁ በግቢው በር ገቡ።

ቂም ይዘውብኝ ቢሆን ምን ነበረበት? ቂም የያዘን ሰው ይቅርታ ይሉታል። እነሱ ግን ረስተውኝ ነው።