ሱሃ ማለት

መነጽር ሠሪውን ሰፈሩ «አራት ዓይና» ይለዋል፤ ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለሹፈት። ጉድ እኮ ነው፣ ይህ አራት ዓይና የገዛ ልጁን ስም ትርጉም አያውቅም!

ስሙን ያወጡት እናቱ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ። ሲያረጁ ዓይናቸው ደከመ። ልጃቸው ሦስት ጊዜ መነጽር ቢቀይርላቸውም ጠብ ያለላቸው ነገር የለም። አራስ ልጁን ሲያሳቅፋቸው «እማዬ፣ ትታይሻለች?» አላቸው። ሕፃኗን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ትክ ብለው ቆዩና «ሱሃ» አሉ። ዘመድ ሁሉ «ስለ ዓይናቸው ብንጠይቃቸው ስም አወጡልን» ብሎ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። በወሩ አረፉ።

ዛሬ ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የአዲሱን ትምህርት ቤት ቅጽ ይዛ ሱቁ መጣች።

«አባዬ፣ ስሜን ልቀይር ነው። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

እናቱ ለልጅቷ የተዉላት ይህንኑ ስም ብቻ ነው። «እስከ ማታ ታገሺኝ» አላትና የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ይጠይቅ ጀመር።

ዓይኑን ሊመረመር የመጣው የሰፈሩ ጋራዥ ባለቤት አንድ ዓይኑን እንደሸፈነ «ሱሃ የሚባል ቱርክ አውቃለሁ፤ ጢሙ ይህን ያህል!» አለ።

«ይኸው! ጭራሽ የወንድ ስም!» አለች ልጅቷ፣ እስክሪብቶዋን እያነሳች።

«ቆይ እንጂ፣ አትቸኩዪ!»

ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ የዓረብኛ መምህር ገቡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓይን መፈተኛ ፊደል ሰንጠረዥ ታችኛ መስመር ማንበብ ስላቃታቸው እየተነጫነጩ ነበር፤ ጥያቄውን ሲሰሙ ግን ሳቃቸው መጣ።

«አንተ ደግሞ! ሌላው ቢያጣው አንተ ታጣዋለህ? ሱሃ ኮከብ ናት፤ ከደማቅ ኮከብ ጎን የተሸጎጠች ደቃቃ። የጥንት ዓረቦች እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሳይኖራቸው ዓይን የሚፈትኑት በእሷ ነበር። ሱሃ የታየችው ሰው ዓይኑ ደህና ነው።»

መነጽር ሠሪው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ለካ እናቱ ስም ማውጣታቸው ብቻ አልነበረም። ያኔ ለጠየቃቸው መልስ ሰጥተውት ነበር፤ እሱ ነው ያልሰማቸው።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«አይታሻለች» አላት፣ መነጽሩን አውልቆ እንባውን እየጠረገ። «አያትሽ አይታሻለች።»

ልጅቷ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችና ስሟን ጻፈች፤ በሰንጠረዡ ላይኛ መስመር ፊደል ልክ፣ በትልቁ።