ተፈልጎ አልተገኘም

ያልፈለገውን ነገር «ፈልጌ አጣሁት» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ያላየውን «አየሁ» ብሎ ከሚምል ሐሰተኛ ምስክር በምንም አይለይም፤ ቅጣቱም የዚያኑ ያህል ሊሆን ይገባል። የሚከተለው ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

የወይንሐረግ ቡራዩ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። ቤቷ ሰበታ በመሆኑ ሥራ ለመድረስ በየማለዳው ሦስት ታክሲ ትቀያይራለች፤ እርሱ ግን አያማርራትም። የሚያማርራት የመምህራኑ አፈላለግ ነው። ኮሌጁ የንግድ ዜና የሚከማችበት የመረጃ ቋት አለው፤ የአገር ውስጡም የውጭውም ጋዜጣ ስለ ኩባንያዎች የጻፈው በያለበት ተለቅሞ እዚያ ገብቷል። መምህራኑ ከዚህ ሁሉ ሀብት ፊት ይቀመጡና አንዲት ቃል ጽፈው፣ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ይነሣሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥልጠና ሰጥታለች። ሻዩን ጠጥተው፣ ሳምቡሳውን በልተው፣ የተሳትፎ ወረቀታቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። በመጨረሻ «ቀኑን ሳታስተካክል አትፈልግ» ብላ በትልልቅ ፊደል ጻፈችና ከኮምፒዩተሩ በላይ ለጠፈችው። በማግሥቱ አንዱ ከሥሩ በእስክሪብቶ «የምጽአትን ቀን ነው?» ብሎ ጽፎበት አገኘችው።

ያን ጊዜ ዲኑን ዶክተር ሳህሉን ወትውታ ደንብ አስወጣች። ማንኛውም ጥናት ከኮሌጁ ከመውጣቱ በፊት በምን በምን ቃል፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተፈለገ በቅጽ ይሞላል፤ ቅጹም በእርሷ ማኅተም ይረጋገጣል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መምህር ባርናባስ ጥናቱን በብብቱ ይዞ ገባ። ጉዳዩ የሱሉልታ ነበር። ሐመልማል የተባለ የውሃ ማሸጊያ ድርጅት ከአንድ ሰፈር አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ ለመቆፈር የነዋሪውን ስምምነት ጠይቋል። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ደግሞ ከአንድ የጋራ ጉድጓድ ነው። የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ዲሪርሳ ኮሌጁ ድረስ መጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው ነበር፤ ይህ ድርጅት ቀድሞ በሠራበት ቦታ የሰው ውሃ አድርቋል ወይስ አላደረቀም? ካላደረቀ ይፈርማሉ፤ ካደረቀ አይፈርሙም። የፊርማው ስብሰባ በዚያው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«እትዬ፣ ማኅተሟን ብቻ» አለ ባርናባስ፣ ሳይቀመጥ። «ታክሲ እንዳያመልጠኝ።»

«አንዱ ቢያመልጥህ ሌላው ይመጣል። ቅጹን ወዲህ በል።»

ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ሰፍሯል፦ «ባለፉት አሥር ዓመታት የታተሙ ዘገባዎች በልዩ ልዩ ቃላት ተፈልገዋል። ስድሳ ሦስት ዘገባዎች ተገኝተዋል። በድርጅቱ ላይ የቀረበ ቅሬታ ተፈልጎ አልተገኘም።»

«ልዩ ልዩ ቃላት ያልከው የትኞቹን ነው?»

«ሐመልማል…»

«እሺ።»

«ከዚያ ደግሞ… ሐመልማል ውሃ።»

«ይህን ነው ልዩ ልዩ ያልከው?»

«ኧረ እትዬ! ስድሳ ሦስት ዘገባ አንድ ነገር ሲናገር ምን ቀረ? እርስዎ እኮ ለልጅዎ ሽማግሌ ቢላክ እንኳ ቅጽ ሳያስሞሉ አያስገቡትም።»

«ቀኑንስ አስተካክለሃል?»

«አሥር ዓመት ብዬ ጻፍኩ አይደል? ፈርሜበታለሁም።»

ኮምፒዩተሩን ከፍታ ማየት ነበረባት። ነገር ግን በዚያ ጠዋት አራት ቅጽ መልሳ፣ ከሁለት መምህራን ጋር ተጨቃጭቃ፣ ራሷን ፈልጧት ነበር። የተማረ ሰው ነው፣ ፈርሞበታል፣ ብላ ማኅተሙን መታችለት። መምታቷን ግን ውስጧ አልወደደውም።

ከምሳ መልስ ባርናባስ ሲጠቀምበት ወደነበረው ኮምፒዩተር ሄደች። ሰውየው ሲነሣ አልዘጋውም፤ የፈለገበት ገጽ እንዳለ ተቀምጧል። የቀኑ ሳጥን «ያለፉት ሦስት ወራት» ይላል። ቋቱ በተከፈተ ቁጥር ይህን የሚያስቀምጠው ራሱ ነው፤ ሳጥኑን ያልነካ ሰው ከሦስት ወር ወዲያ ያለውን አያይም። የፍለጋውን መዝገብ ብትከፍተው አንድ ፍለጋ፣ ያውም «ሐመልማል» በሚል ብቻ፣ አራት ደቂቃ። ቀና ስትል የገዛ ማስታወቂያዋ ከነመሣለቂያው ቁልቁል ያያታል።

«ወይ አንተ ሰው!» አለች፤ ቀጥሎም «ወይ እኔ!»

ተቀመጠች። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ተመሳሳይ የሆኑትን ዘገባዎች እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው አዘዘችው። ስድሳ ሦስቱ አራት ሆኑ። አራቱም ርእሳቸው ተለዋወጠ እንጂ ድርጅቱ ራሱ ጽፎ የበተነው መግለጫ ነበሩ። ስድሳ ሦስት ምስክር የተባለው አንድ አፍ ነበር፤ ያውም የባለጉዳዩ አፍ። ቀጥላ ቀኑን ወደ አሥር ዓመት አሰፋችው። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ሐመልማል የተጻፈ አንድም ነገር አልነበረም። ሰነፍ ሰው እዚህ ላይ ይነሣል። የወይንሐረግ ግን በመግለጫው ሁለት ፋብሪካ አለኝ የሚል ድርጅት ከሦስት ዓመት በፊት የት ነበር ብላ ጠየቀች። ስለ ድርጅቱ የሚዘረዝረውን ገጽ ብትከፍት ከታች «የቀድሞ ስም፦ ደብረ ምንጭ መጠጦች» የሚል አገኘች። የቀድሞውን ስም ጻፈችና ከጎኑ ውሃ ሲጠፋ ሰው የሚናገራቸውን ቃላት ጨመረችበት፤ ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ደረቀ፣ ክስ።

ሰባት ዘገባ ወጣ። ከመናገሻ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር፣ ፋብሪካው በገባ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ምንጮች ደርቀዋል። ነዋሪው ከሷል፤ ድርጅቱም ፍርዱ ሳይሰጥ ነቅሎ ሄዷል።

ሰዓቷን አየች። ከተቀመጠች አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗታል። «አሥራ አንድ ደቂቃ!» ብላ ባዶው ክፍል ውስጥ ጮኸች። «ለአንድ ሰፈር ውሃ አሥራ አንድ ደቂቃ ነፈገ!»

የኦቦ ዲሪርሳ ስልክ ዝግ ነው። የባርናባስ ይጠራል፤ አይነሣም። ዘገባዎቹንና የፍለጋውን መዝገብ አትማ ወጣች። አዲሱ ገበያ ስትደርስ የሱሉልታው ታክሲ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ሰው ጫነ፤ አራተኛዋ እርሷ ሆነች። እንጦጦን ተሻግረው እስኪወርዱ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ነበር።

ስትደርስ ስብሰባው ሊያበቃ ነው። ኮሚቴው ፈርሞ እስክሪብቶው የመጨረሻው ፈራሚ ኦቦ ዲሪርሳ እጅ ደርሷል።

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ አይፈርሙ!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «አካም ጂርቱ፣ አዴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጧት። «ምነው? ይሄ ማኅተም የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«የእኔ ነው። ሳላይ ነው የመታሁት» አለች፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ከዚያ ዘገባዎቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ስለ መናገሻው ምንጭ ስታነብ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ።

ባርናባስ ተነሣ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ፈልጌ አጣሁ እንጂ አልዋሸሁም። ማጣት ወንጀል ነው?»

«ማጣት ወንጀል አይደለም። አራት ደቂቃ፣ ያውም የሦስት ወር ዜና ብቻ አይተህ አሥር ዓመት ብለህ መጻፍህ ነው ወንጀሉ።» የፍለጋውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይኸው። አንተ ብትረሳው ማሽኑ አልረሳውም።»

ኦቦ ዲሪርሳ መዝገቡን አስጠግተው አዩት። የእስክሪብቶውን ክዳን መልሰው ገጠሙት።

«መምህር» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እኔ በሬ ጠፍቶብኝ ደጃፌን ብቻ አይቼ ‹አገር ዞሬ አጣሁ› ብዬ ብገባ፣ ሚስቴ እንኳ እራት አትሰጠኝም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባርናባስ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ኮሚቴው የፈረመውን ሰርዞ ለድርጅቱ እንደማይስማማ በጽሑፍ አሳወቀ። በሚቀጥለው ሳምንት የኮሌጁ የዲሲፕሊን ጉባኤ በዶክተር ሳህሉ ሰብሳቢነት ተቀመጠ። የወይንሐረግ ሳይጣራ በመታችው ማኅተም ምክንያት፣ በራሷ ቃል አምና፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። መምህር ባርናባስ ለሁለት ዓመት ከማንኛውም ጥናት ታገደ፤ በዚያ ዓመት ሊያገኘው የነበረው የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሰረዘበት፤ የይቅርታ ደብዳቤም ጽፎ፣ ሱሉልታ ሄዶ፣ በጋራው ጉድጓድ አጠገብ፣ ውሃ ሊቀዱ በተሰለፉት ሰዎች ፊት ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያነበው ተደረገ።