የኮሎኔሉ ጣትና ጥቁሩ ጠመንጃ

የኮሎኔሉ እጅ አያርፍም። ቤት ውስጥ ሬዲዮኑ ከጣቢያው የሚንሸራተተው፣ የሻወሩ ውሃ አንዴ የሚያቃጥለው አንዴ የሚያንዘፈዝፈው፣ ካውያው ሸሚዝ የሚያሳርረው እሳቸው ባለፉበት ነው። የሚጠመዘዝ ነገር ካዩ ሳይጠመዝዙ አያልፉም። ሚስታቸው ከተጋቡ ጀምሮ ተቆጥታ፣ ለምና፣ አንዳንዱን ቁልፍ በፕላስተር ጠቅልላ፣ በመጨረሻ ለፈጣሪ ትታዋለች። ያም ሆኖ የዚያን ቀን ጠዋት በር ላይ አስቁማ ኮሌታቸውን እያስተካከለች፣ "ዛሬ እንኳ እጅህን ሰብስብ" አለቻቸው።

"ደግሞ ምን ነካካሁ?" አሉ ኮሎኔሉ፣ የበሩን እጀታ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጉ።

እሷስ ወዳ አይደለም። ሠራዊቱ ለአነጣጥሮ ተኳሾቹ አዲስ ጠመንጃና አዲስ ጥይት ሊመርጥ ነው፤ የመራጩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ የእሷ ባል ናቸው። ከቀረቡት ጠመንጃዎች ሁለት ቀርተዋል። አንዱ ጥቁር ነው፤ ቀጭን፣ አንጸባራቂ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ። ሌላው አረንጓዴ፣ ወፍራምና ፊቱ የማያምር ነው። ኮሚቴው ስለ ሁለቱ ስብሰባ ሲቀመጥ ከርሟል፤ ከአባላቱ ግን በሆዱ ተኝቶ የሞከራቸው የለም፣ ልብስ ይቆሽሻላ። የአብዛኛው ሰው ልብ ወደ ጥቁሩ ያዘነበለው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ነው።

በሙከራው ከሚተኩሱት ሁለት ሰዎች አንዷ የኮሎኔሉ ልጅ ናት፣ ሃምሳ አለቃ። ወደ ተኳሾቹ ቡድን የገባችው ክርኗና ጉልበቷ እስኪላጥ በደረቷ ተስባ ነው። የወሬኛ አፍ ግን አይዘጋም፤ "በአባቷ ነው" ይላታል። ለዚህ ነው ሥራ ቦታ አንድ ቀንም "አባዬ" ብላቸው የማታውቀው። የቡድኑ አለቃ ሻለቃው በበኩሉ ሁለቱን ተኳሾች ጠዋት አቁሞ፣ "ዛሬ የሳተ ነገ ግምጃ ቤት ገብቶ ካልሲ ይቆጥራል" ብሏል። ሻለቃው አይቀልድም፤ ቀልድ ሲታደል እሱ ዘብ ላይ ነበር።

የሙከራው ደንብ አጭር ነው። ባለ ጥገናው የማነጣጠሪያ መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር አስተካክሎ ካስረከበ በኋላ የመነጽሩን ቁልፍ ማንም አይነካም፣ ተኳሹም ጭምር። አለዚያ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ደንቡን ያረቀቁት ኮሎኔሉ ራሳቸው ናቸው፤ "ማንም" የምትለዋን ቃል በቀይ አስምረውባታል።

ተኩሱ ሊጀመር ሲል የሠራዊቱ መጽሔት ፎቶ አንሺ ካሜራውን አንግቦ ከተፍ አለ። "ኮሎኔል፣ እስቲ አንዴ ያነጣጥሩልኝ።"

ኮሎኔሉ ጥቁሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመነጽሩ አናት ላይ ጥይቱን ከፍ ወይም ዝቅ የምታደርግ ክብ ቁልፍ አለች። ጣታቸው ባለቤቷን ሳታማክር ሄደች። ቀጭ። ደስ ስትል! ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ቀጥለው አረንጓዴውን አነሱ፤ የሱ ቁልፍ ግን ወይ ፍንክች። "ግትር ነው" ብለው መለሱት፤ ልባቸው ጭራሽ ወደ ጥቁሩ ሄደ።

ልጅቷ ጥቁሩን ይዛ በሆዷ ተኛች። ስትተኩስ ከዒላማው ሰሌዳ በላይ ያለው አፈር ቡን አለ። ደገመች፤ ቡን። ሠለሰች፤ ቡን። አንዱም ጥይት ሰሌዳውን አላገኘውም። ባልደረባዋ በአረንጓዴው የዒላማውን መሀል ወንፊት አድርጎት ተነሳ።

ኮሎኔሉ ገና በሁለተኛው አፈር ነገሩ ገብቷቸዋል። ጣታቸውን አዩአት፤ ምንም እንዳልሠራች ሁሉ ቀበቷቸውን እየቆረቆረች ነበር።

ለሻይ ድንኳን ሲገቡ ጉድ ፈላ። የአቅርቦት ኃላፊው ጥፋቱ የነፋሱ ነው አለ፤ የድንኳኑ ባንዲራ ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥላ ነበር። የጥቁሩ ሻጭ ጥይቱ ቀሎ ነው ሲል፣ የጥይቱ ሻጭ ጠመንጃው ነው አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። "መቼም የኮሎኔል ልጅ አትስትም" ብሎ የአቅርቦት ኃላፊው ሲጨምር፣ ከኋላ የቆሙት ተያይተው ፈገግ አሉ። ልጅቷ ደረቷ ላይ ያለውን አቧራ ሳታራግፍ የድንኳኑ አፍ ላይ ቆማለች።

ሻለቃው ብቻ ሻይ አልጠጣም። "ነፋስም ጥይትም አላውቅም" አለ። "የሳተው ተኳሽ ነው። ግምጃ ቤቱም ሰው አንሶታል።"

ኮሎኔሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አሰቡ። ማታ ሻለቃውን ለብቻው ጠርተው ሹክ ቢሉትስ? ይህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በገዛ ደንባቸው፣ በዚያ ቀይ መስመር? የተከፈተ አፍ ባዶውን አይዘጋምና ብስኩት አነሱ፣ ሻዩ ውስጥ ነከሩ፣ ጎረሱ።

ልጅቷ አየቻቸው። ለአፍታ ብቻ ነው ያየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ሻለቃው ዞራ ተረከዟን አጋጨች። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ። ጠመንጃው ምንም አልሆነም።"

ኮሎኔሉ ማላመጣቸውን ተዉ። ፎቶ ሲነሱ ልጃቸው ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። አይታለች። እያወቀች፣ እሳቸውን ላለማጋለጥ ተኩሳለች። አሁን ደግሞ የሳቸውን ገመና በራሷ ገላ ልትሸፍን ነው።

"ውሸቷን ነው!" አሉ፣ ሳያስቡት ጮኸው። "ቁልፏን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ!"

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። የአቅርቦት ኃላፊው ዓይኑ እንባ ሞላ። "አይ አባት! ለልጁ ብሎ ጥፋት የሚሸከም!"

"እኔ ነኝ እላችኋለሁ!"

"እናምንዎታለን፣ ኮሎኔል" አሏቸው ሰዎቹ፤ ማንም አላመነም። ሰውየው "ምን ነካካሁ?" ሲሉ ኖረው እውነት በተናገሩ ቀን ሰሚ አጡ።

ያዳናቸው ፎቶ አንሺው ነው። ጉሮሮውን ጠራርጎ ካሜራውን ለሻለቃው ዘረጋ። ኮሎኔሉ በፎቶው ላይ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ብቅ አድርገው፣ በሁለት ጣታቸው የመነጽሩን ቁልፍ ጨብጠዋል። እንዲህ ያለ ደስታ በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ አልታየባቸውም።

ሻለቃው ፎቶውን አጉልቶ አየ። "ይኼ ጣት የማን ነው?"

"የኔ ነው" አሉ ኮሎኔሉ።

"አረንጓዴውንም ነክተዋል?" ያለችው ልጃቸው ናት፣ ድምጿን ሳታነሳ።

"ሞክሬ ነበር። እንቢ አለኝ።"

"ወደ ላይ ሳይስቧት አትዞርማ" አለ ባለ ጥገናው።

ልጅቷ ለሻለቃው ተናገረች። "ጌታዬ፣ ጫካ ውስጥ በደረታችን ስንሳብ ጠመንጃው ከእሾህም ከሻንጣም ሲታሽ ይውላል። የኮሎኔል ጣት ያዞረውን ቁልፍ ቁጥቋጦም ያዞረዋል።"

ባለ ጥገናው የጥቁሩን ቁልፍ ወደ ቦታዋ መለሰ። ልጅቷ ተኝታ ተኮሰች፤ የዒላማውን መሀል ቦጫጨቀችው። ሻለቃው ካልሲውን የሚቆጥር ሌላ ሰው ይፈለግ አለ። ኮሚቴውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨቃጨቅ አረንጓዴውን መረጠ። የአቅርቦት ኃላፊው ቃለ ጉባኤው ላይ "በሰብሳቢው የተካሄደ ድንገተኛ የንክኪ ፈተና" ብሎ አሰፈረው፤ ከእንግዲህ የሚገዛ ሁሉ በዚሁ ፈተና እንዲያልፍም ሐሳብ አቀረበ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ኮሎኔሉ ልባቸው ሞቅ ብሎ ነበር። "አየሽ? ኮሚቴው ከርሞ ያልመረጠውን ይቺ ጣት በአንድ ጠዋት መረጠችው!"

ልጅቷ መንገዱን እያየች ትነዳለች። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ "አባዬ" አለች።

"ወይ ልጄ።"

"ቁልፏን ስለነካህ አልተቀየምኩህም። አመልህ ነው፣ አብሬው አድጌያለሁ። ዒላማውን ስስት ዝም ያልከውም ይሁን፣ ደንግጠህ ነው። ግን ካልሲ ቁጠሪ ሲሉኝ እየሰማህ ብስኩትህን ነክረህ በላህ። ከፋኝ፣ አባዬ። በጣም ነው የከፋኝ።"

ኮሎኔሉ ጣታቸውን ከመስኮቱ ቁልፍ ላይ አነሱ።

ቤት ሲደርሱ ሚስታቸው ሻይ አቀረበች፣ ከብስኩት ጋር። ሬዲዮኑ ከጣቢያው ተንሸራቶ እየተንሻሸ ነው፤ ቁልፉም ከኮሎኔሉ ክርን ሥር ናት። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ሚስታቸው ሬዲዮኑን አየች፣ እጃቸውን አየች፣ ደነገጠች። "አንተ፣ አመመህ እንዴ?"

ልጅቷ የብስኩቱን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችው። አንድ አነሳችና የአባቷ ሻይ ውስጥ ነክራ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች በላችው።